ስድስተኛ ያልኳቸው ልጆች

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ከቤተ ክርስቲያን በፊት ድምፄን ላክሁ። ሃምሳ የስፖርት ጋዜጠኞች ነን፤ በየሳምንቱ የኮሌጅ ቡድኖችን፣ በእጅ የሚጫወቱትን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች፣ በደረጃ እናስቀምጣለን። መጨረሻ ላይ አራቱ ብቻ ለዋንጫ ይገባሉ። ሃርመን ኮሌጅን ስድስተኛ አልኩ። አስራ አንድ ተጫውተው አስራ አንድ አሸንፈዋል... ግን ማንን? ደግሞ የወንድሜ ልጅ ዴክስ እዚያ ይጫወታል። የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ለዘመዷ አደላች መባል አልፈልግም።

ወንድሜ ላይል መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘኝ።

«ኔቫ፣ ዛሬም ስድስተኛ? ሁለቴ የተሸነፈ ቤልፎርት አራተኛ?»

«ቤልፎርት የሚገጥመው ከባድ ከባዱን ነው።»

«የኛዎቹ ግጠሙን ብለው ስንት ዓመት ለመኑ! እምቢ ያለው ማነው?»

 የሚገጥማቸው ካጡ ጥፋቱ የማን ነው?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

የምስጋና ቀን። ላይል ቤት የበዓሉን ዶሮ፣ ተርኪ፣ በላን። ዴክስ ጣቶቹን በፋሻ አስሮ መጣ።

«አክስቴ፣ ቅዳሜ በስንት ብናሸንፍ ይበቃሻል?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ግን ልጁ የምሩን ነበር። አሰልጣኛቸው «መራጮች ቁጥር ነው የሚያዩት፣ አትራሩ» ይላቸዋል አሉ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 30

እነ ዴክስ 52 ለ 3 አሸነፉ። ቤልፎርት ስታዲየም ሥራ ላይ ሆኜ ከስልኬ አነበብኩት።

እሑድ፣ ዲሴምበር 1

የመጨረሻው ድምፅ። ሃርመንን አራተኛ ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። አምስተኛ። ሰረዝኩ። ባዳ ቢሆኑ ስንተኛ እላቸው ነበር? ግራ ገባኝ። ስድስተኛ ብዬ ላክሁ።

ከሰዓት ውጤቱ ወጣ። ቤልፎርት አራተኛ፣ ሃርመን አምስተኛ። የለያቸው አንድ ነጥብ። አንድ ደረጃ ማለት አንድ ነጥብ ነው። እኔ አራተኛ ብያቸው ቢሆን ይገቡ ነበር።



ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

የእያንዳንዳችን ድምፅ ከነስማችን ታተመ። ላይል ስልኬን አያነሣም። ዴክስ ግን ራሱ ደወለ።

«አልተቆጣሁም፣ አክስቴ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የትኛውን ጨዋታችንን አይተሽ ነው?»

...አንዱንም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ እንኳ እስከ መጨረሻ አላየሁም። ካየሁት ልቤ ያደላል ብዬ ሸሸሁ። ይሄ ትክክለኛ ፍርድ መስሎኝ ነበር! ነገርኩት።  «እሺ» አለና ዘጋው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 21

የሃርመን የመጨረሻ ጨዋታ። አራቱ ውስጥ ላልገቡ የተዘጋጀ፣ ለዋንጫው የማይቆጠር። ዝናብ፣ ግማሹ ወንበር ባዶ። ላይል አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለኝ። ግን ብርድ ልብሱን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ።

ዴክስ ከፊት መስመር ነው የሚሰለፈው። ኳስ እጁ አይገባም። ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ ለመክፈት ይገፋል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። የእሱ ሥራ እኔ በማነበው ቁጥር ውስጥ የለም። ስንት ዓመት ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ገባኝ።

20 ለ 17 ተሸነፉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ልክ ነበርሽ!» ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነበርኩ? ወይስ ልባቸውን ሰብሬው ነው? ለዋንጫ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይጫወቱ ነበር?

ዴክስ ጭቃ ለብሶ አጥሩ ጋ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሁንስ ስንተኛ ነን?»

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

አጥሩን ተሻግሮ አቀፈኝ። ለሚመጣው ዓመት ድምፅ እንድሰጥ የተላከልኝ ወረቀት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ በጭቃው ራሰ። እስካሁን አልፈረምኩበትም። አሁን አይቻቸዋለሁ፤ ስንተኛ እንደሆኑ ግን አላውቅም።