አልጋው የወጣበት ፎቶ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 — ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬ ሦስተኛው ሳሎን ላይ ነኝ። የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው ገና አልተለሰነም። የባዶውን ክፍል ፎቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቼ ፕሮግራሙ ላይ «ዕቃ አስገባ» የሚለውን እጫናለሁ። ሻዬን ፉት እስክል ግራጫ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ የመስታወት ጠረጴዛ። ዛሬማ ብሶበት ከመስኮቱ ውጭ ባሕር አስገባልኝ። ኮዬ ላይ ባሕር! ጋሽ ከድር፣ አለቃዬ፣ ደላላው፣ ብርጭቋቸውን ይዘው መጥተው አዩና ባሕሩን አጥፊው፣ ሶፋውን ተይው አሉኝ።

ሥራዬ ይኸው ነው ደብተሬ። ባዶ ቤት አስጌጣለሁ፣ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ ሰው ይደውላል። ካርቶን ከማሸግ በብዙ ይሻላል። ፋብሪካ ሳለሁ ወገቤ የኔ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አቃቂ በሰቃ ሄጄ ነበር፣ ለሽያጭ የቀረበ ቤት ፎቶ ላነሳ። ከአሮጌው ፋብሪካ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ግድግዳው አረንጓዴ፣ የመስኮቱ ብረት ሰማያዊ። ሻጩ ግርማ ይባላል፤ ራሱ የሚኖረው ኮዬ ነው። እናቱ እማማ ዘነበች ሳሎን ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አልጋው ሳሎን ገብቷል። ከራስጌያቸው የሟች ባለቤታቸው ፎቶ፣ በፋብሪካ ቱታ።

ግርማ ጠጋ ብሎ ሁሉን ያውቃሉ፣ ተስማምተዋል፣ ግን ስለ ሽያጩ አታንሺባቸው፣ ሆዳቸው ይባባል አለኝ። እሺ አልኩ። ምን አገባኝ።

ካሜራውን ሳነሳ እማማ ዘ. ቆይ ቆይ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ቀና አሉ። የማነሳው እሳቸውን መስሏቸዋል! አንጀቴን በሉት። ስጨርስ፦

«አንዱን ታመጪልኛለሽ አይደል ልጄ?»

አመጣለሁ አልኳቸው። እሺታ እኔ ዘንድ ርካሽ ነው፣ ለሁሉም አድላለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 — ከሰዓት

የእማማ ዘ. ሳሎን ኮምፒዩተሬ ላይ ነው። መጀመሪያ «አጽዳ»። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ፕሮግራሙ አልጋውን በላ፣ የባልየውን ፎቶ በላ፣ እማማ ዘ.ንም በላቸው። ባዶ ወለልና አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ቀረ። ክው አልኩ። ከዚያ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

ቀጥሎ ሶፋ። ምንጣፍ። አቃቂ መሬት ላይ በቅሎ የማያውቅ ተክል። ጋሽ ከድር ሁለቱንም ለጥፊ አሉ፣ ባዶውንም ያጌጠውንም፣ ገዢ ስፋቱን ይይ። በአንዱም ሥር ይህ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው የሚል ጽሑፍ የለም። አስቤውም አላውቅ። ለጠፍኩ፣ ወደ ቤቴ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 — ቀትር

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበህ ቻለው።

ጠዋት ገዢ ይዤ በሰቃ ሄድኩ፣ ባልና ሚስት። ከሩቅ ለቅሶ ይሰማል። ቀረብን። የማን በር? የእማማ ዘ.! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። «ዘኑዬ! ሳትሰናበቺን!» ሁለት የእድር ሰዎች ከባጃጅ ላይ የድንኳን ብረት እያወረዱ ነው። ማክሰኞ ፎቶ ያነሳኋቸው ሴትዮ! ቀድሞ የመጣልኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ፎቶውን አላመጣሁላቸውም።

ከዚያ በጓሮ በኩል፣ በአንድ እጅ ምርኩዝ በሌላው ማንቆርቆሪያ፣ እማማ ዘ. ብቅ አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ጎረቤት መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ማን ሞተ?» አሉ።

አንዱ የእድር ሰው ብረቱን እንደያዘ «እርስዎ» አላቸው።

«እኔ? መቼ?»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የጎረቤት ልጅ ባዶውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አይታለች። ግድግዳውን አወቀችው፣ ሰማያዊውን ብረት አወቀችው። ዕቃው የለም። አልጋው ወጥቷል። የባልየው ፎቶ ሳይቀር ወርዷል። እኛ አገር ሳሎን እንዲህ የሚራገፈው መቼ ነው? ሰው ሲሞት፣ ለቀስተኛ እንዲቀመጥ። ሮጣ ለእናቷ፣ እናቷ ለእድሩ። ማን በር አንኳኩቶ ሞታችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል!

ሰዉ መሳቅ ጀመረ። እማማ ዘ.ም ሳቁ፤ ማን እንደሚያለቅስልኝ በቁሜ አየሁ፣ ያንቺማ እንባ ጠብ አላለም እያሉ አንዷን ነካኳት። ይህን ጊዜ የኔ ገዢ፣ የዋህ ሰው፣ ቤቱን የሚሸጡት እኚህ እናት ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጮክ ብሎ። ሁሉም ሰማ።

እማማ ዘ. ወደኔ ዞሩ። የቱን ቤት ነው የምሸጠው አሉ።

አያውቁም ነበር። ምንም አያውቁም ነበር!

እሑድ፣ ኅዳር 7

ያቺ የጎረቤት ልጅ ደወለች፣ ስልኬን ከለጠፍኩት ማስታወቂያ ላይ አግኝታ። ግርማ ውክልና አለው አለችኝ። ቆጣሪ ለማዛወር ነው ብሎ አስፈርሟቸው ኖሯል። በዚያ ወረቀት ቤቱን ይሸጥና እሳቸውን ኮዬ ይወስዳቸዋል። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣ በዚያ ጉልበት! አንዴ ከወጡ የሚወርዱት በሰው ትከሻ ነው አለች። እኔ ደግሞ የስንቱን አራተኛ ፎቅ ሶፋ ሞልቼ ሸጫለሁ።

እድሩ ሽማግሌ ሊያስቀምጥ ነው አለች። ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 — ማታ 2 ሰዓት

ተመስገን ያልኩት ቶሎ ነው።

ከሥራ እንደወጣሁ እማማ ዘ. ዘንድ ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ትናንት ተቀምጠዋል። ግርማ ምን ቢል ጥሩ ነው? እናቴ ተስማምታ ነበር፣ አልጋዋን ራሷ አስወጥታ ነው ቤቱ ፎቶ የተነሳው፣ አሁን ረሳችው፣ እርጅና ነው፣ አትፍረዱባት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። ፎቶዬን! የኔን! ሽማግሌዎቹ ተቀባብለው አዩ። አልጋ የለም። ፎቶ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ለእሑድ ቀጠሩ፣ የዚያን ቀን ቁርጡ ይነገራል።

እማማ ዘ. ይህን ሲነግሩኝ እጄን ይዘዋል።

«አየሁት እኮ ልጄ፣ አልጋው የለም። አውጥቼ ረስቼው ይሆን እንዴ?»

ማሽኑ ነው ያወጣው አልኳቸው። ማሽን እንዴት አልጋ ያወጣል አሉ። ኮምፒዩተር፣ ፕሮግራም፣ አጽዳ... ስቀባጥር ቆየሁ። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ግን አይኖቻቸው ሌላ ቦታ ናቸው። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር፦ የሠርጋቸውን ቀን፣ የባላቸውን የፈረቃ ሰዓት፣ የጎረቤቱን ልጆች ስም ከታላቅ እስከ ታናሽ። አእምሯቸው ደህና መሆኑን ሊያሳዩኝ። ለኔ! አእምሯቸውን ላስጠረጠርኳቸው ለኔ!

አንድ ስም ጠፋባቸው። ማንም ይጠፋበታል፣ እኔም የራሴን የአክስት ልጆች አልዘልቃቸውም። እሳቸው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ።

ስወጣ በሩ ላይ አለቀስኩ። አልዋሽህም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በሙሉ በየደጁ ቆሻሻውን ሰብስቦ እያቃጠለ ነው፣ ከቃሊቲ እስከ በሰቃ ጭስ በጭስ። ቢሮ ስገባ ዓይኔ ይለበልባል።

ጋሽ ከድር ጠሩኝ። ግርማ ደውሎላቸዋል። እማማ ዘ. ያሉበት ዋናው ፎቶ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። ዛሬ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን አይደል፣ እሱንም አብረሽ አቃጥይው አሉኝ። ቀልድ ነው፣ ግን አልሳቁም። ክፉ ሰው አይደሉም፣ አባቴ ሲሞት ቀብር ላይ ከፊት የቆሙ ናቸው። ደላላ የእናትና የልጅ ጠብ ውስጥ ከገባ ነገ ማን በሩን ይከፍትለታል አሉ። እምቢ ካልሽ ደግሞ ሌላ ሥራ ፈልጊ።

እሺ አልኩ። እሺ አልኩ ደብተሬ! አፌ ምን ነካው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 — ከሰዓት

ላጠፋው ከፈትኩት። ከተነሳ ጀምሮ ረጋ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ለካ እኔም ያየሁት ግድግዳውን ብቻ ነው። ቁጭ ብለዋል፣ ነጠላቸው ተስተካክሏል፣ ሻሻቸው ጠበቅ ብሏል። ቀጥ ብለው ያዩኛል። እንደሚያመጡለት የሚያምን ሰው አስተያየት ነው።

ስልኬ ላይ ገለበጥኩትና ቃሊቲ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቅጂ፣ ትልቅ። ፎቶ አጣቢው አየት አድርጎ ከኋላ ያለው ዕቃ በዝቷል፣ ላጽዳልሽ? አለኝ።

ጮህኩበት። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ምንም እንዳትነካ፣ አልጋውን እንዳትነካ! ሰውዬው እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ። አብዳለች ብሏል።

እሑድ፣ ኅዳር 14 — ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ

አልተኛሁም። የቢሮውን ቁልፍ ጋሽ ከድር ቤት ሰጥቼ አልፋለሁ፣ ሥራውን ትቻለሁ፣ እስኪጠይቁኝ አልጠብቅም። እናቴ የት ነው በማለዳ ትላለች። ምን ልበላት? ከፎቶ ያጠፋሁትን ሰው ልመልስ?

ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት በ3 ሰዓት፣ እሳቸው ግቢ ነው። ግርማም አለ። ሁሉን እነግራቸዋለሁ፣ ባሕሩን ሳይቀር። ኮዬ ላይ ባሕር የሚያስገባ ማሽን አልጋ አያወጣም ይበሉኝ እስቲ።

አንዱ ፎቶ ለሽማግሌዎቹ ነው። ሁለተኛውን ፍሬም አስገብቼዋለሁ። እሱ ለእማማ ዘ. ነው፤ ልጄ አንዱን ታመጪልኛለሽ አይደል ብለውኝ ነበርና መጀመሪያ የምሰጠው እሱን ነው፣ ሌላው ከዚያ በኋላ

የታክሲው ረዳት መንገድ ላይ «በሰቃ፣ በሰቃ!» እያለ ነው። ልሂድ።