እልፍነሽን ወተት የከለከልኩበት ምክንያት

ለናፈቁኝ እናቴ ለወይዘሮ በላይነሽ፣ አቦምሳ

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃፍዎ ይድረስ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? የአባቴስ ሳል ለቀቃቸው? እኔ፣ ባለቤቴ ሰብስቤና ልጃችን እልፍነሽ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የራስዎ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ፊደሎቹን እየዳበስኩ ደጋግሜ አነበብኩት። መሠረተ ትምህርት ባይገቡ ኖሮ ዛሬ የምጽፈውን በሌላ ሰው አፍ ላስነብብዎ አልደፍርም ነበር። ልጅቷን ወተት ከልክለሽ በረሃብ ልትገያት ነው ወይ ብለው ተቆጥተዋል። ቢቆጡ እውነትዎን ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ወደ ማስተማር ሥራዬ ስመለስ ጡቴ ጎደለ፤ እልፍነሽ አምስት ወሯ ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘርፉ የላም ወተት እየገዛሁ አፍልቼ በጡጦ ጀመርኩላት። ሳምንት ሳይሞላ ታስመልስ ጀመር፤ ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ኋላም ተቅማጧ ደም ቀላቀለ። ክሊኒክ ሁለት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ለውጥ የለም። እሷ ስትከሳ እኔ ወተቱን እጨምር ነበር። እትዬ ዘርፉ እንጥሏ ወርዶ ነው ብለው ቆራጭ አስጠሩ፤ ሰብስቤም እሺ አለ። ቆራጯ ምላጯን ስታወጣ ልጄን ነጥቄ ወጣሁ። ሆስፒታል እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

እዚያ አንድ የኩባ ሐኪም አየልን፤ ሲስተር ደራርቱ የምትባል ነርስ ታስተረጉም ነበር። የላም ወተት ሳይስማማት አልቀረም፣ ይህን በሽታ የሚያሳይ መሣሪያ ግን የለኝም፣ ምርመራው ወተቱን ማቆምና ቆይቶ መልሶ ማቅመስ ነው አለ። ሦስት ሳምንት ወተት እንዳይነካት፣ የማጠባትም እኔ ወተትና ቅቤ እንድተው፣ የሕፃናት ምግቡ ፋፋም የወተት ዱቄት ስላለበት እንዲቀር አዘዘ። በገብስ አጥሚትና በድንች ያዝናት። በአሥረኛው ቀን ደሙ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሳቋ ተመለሰ።

በቀጠሮው ቀን እኔው በማንኪያ ወተት እንዳቀምሳት አደረገ። ሲስተር ደራርቱ ክንዴን ደገፈችልኝ። ሐኪሙ መርፌ አዘጋጅቶ አጠገባችን ቆመ። ግማሽ ሰዓት ሳይሆን ፊቷ አበጠ፣ አስመለሳት። ወግቶ ካሳረፋት በኋላ አሁን አወቅነው አለ። የሕፃን አንጀት እንደ ሳሳ ነጠላ ነው፣ ወተቱ በደንብ ሳይፈጭ ሾልኮ ሲያልፍ ሰውነቷ እንደ ጠላት ይዋጋዋል፣ አንጀቷም በዚያው ቆስሎ ይብስ ይሳሳል ብላ ሲስተር ደራርቱ አስረዳችኝ። ብዙዎቹን ልጆች ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል አሉኝ።

እኔም ወተት ከተውኩ ወዲህ የአቦምሳው ቤታችን ከዓይኔ አልጠፋም። በናዝሬት አቧራ መሃል ስሄድ በወይራ የታጠነው የወተት ጮጯችን ሽታ ድንገት ይመጣብኛል። አባቴ ጥጃዋን ይዘው፣ እርስዎ ሲያልቡ፣ እኔ አረፋውን በጣቴ ስዝቅ፣ እያዩ እንዳላዩ ሲያልፉኝ። ከዚያ ሁሉ ጋር በሕፃንነቱ የሞተው ወንድሜ ኃይለየሱስ ይመጣል። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በጀርባዎ ላይ ክብደት እንዳልነበረው አስታውሳለሁ። ሲደክም ከእኛ ድርሻ ቀንሰው የሱን ኩባያ በወተት ይሞሉ ነበር። ገበያ ይዤው ወጥቼ ዓይን በላው እያሉ ይኸው ሃያ ዓመት ራስዎን ይወቅሳሉ። እሱንም ወተቱ ይሆን ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ያላየሁትን ልጅ አላውቅም አለኝ። እኔም አላውቅም። ግን እናቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። እኔ ተምሬ፣ ከተማ ተቀምጬ፣ ያንኑ ነው ያደረግሁት። ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እልፍነሽ አሁን አሥር ወሯ ነው፤ እየዳኸች የሰብስቤን ጫማ ታሳድዳለች። ለፋሲካ ይምጡልኝ፤ ቅቤውን ይተዉት።

ለወንድሜ ለአስፋው ሰላም ይበሉልኝ፤ ሚስቱን መሰለችን ይሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለአቶ ሰንበታ በኦሮምኛቸው አካም ጅርቱ ይበሉልኝ። የአባቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። ስለ ኃይለየሱስ የጻፍኩትን ለእሳቸው ማንበብ አለማንበቡን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ልጅዎ የሺዓለም ገሠሠ
ናዝሬት፣ የካቲት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.