ድምፁ የጠፋው ማሽን

ጥቅምት 4
የስፌት ማሽኔን ዘይት አጠጣሁት። እንደ ወፍጮ ሲያጓራ የኖረ ነገር ዛሬ ዝም ብሎ ሰፋልኝ! ደስ ብሎኝ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አወራሁ። ወሬ እንደሆን አያልቅብኝ።

ጥቅምት 9
ከተስማማውማ ብዬ ደገምኩለት። ልሰፋ የተቀበልኩት የአንዲት ሙሽራ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ… ወይ ጉዴ!
ባለቤቴ መጥቶ አየ። "አንቺ ሴትዮ፣ በዘይት ልታሰምጪው ነው?"
"ዝም አለልኝ እኮ!"
"የቱ ነው ዝም ያለው? ከውጭ በር ድረስ ይሰማል።"
ሊያናድደኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱስ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያጉረመርማል እንጂ መች ይናገራል? የልጄን ቀጭን ድምፅ ግን ከጓዳ እሰማለሁ።

ጥቅምት 10
ፔዳሉን እየረገጥኩ እጄን ማሽኑ ላይ አሳረፍኩ። ይንቀጠቀጣል። ግን ምንም ድምፅ የለም…
አባዬ ትዝ አለኝ። "ምነው ሁላችሁም ታንሾካሹካላችሁ?" ይለን ነበር። ያደነቆረው ይሠራበት የነበረው የድንጋይ ካባ ፍንዳታ ነው ስንል ኖርን። ባይሆንስ?

ኅዳር 28
ለጆሮዬ የሰጠሁት የደም ምርመራ ውጤት መጣ።
"እናቴ፣ ጆሮዎ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ደቃቅ ፀጉሮች አሉ" አለች ሐኪሟ። "ቀጥ አድርጎ የሚያቆማቸው ክር ነው። አክቲን ይባላል።"
"ክር ከሆነማ የኔ ሙያ ነው!"
ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰበሰበች። ክሩን የሚያስገነባው ዘረመል ተበላሽቷል አለችኝ። ከአባዬ የወረስኩት ነው። መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ ይሄዳል፣ ቀጭኑም ይከተላል።
"ልጄስ?"
"ግማሽ በግማሽ ነው። ትመርመር።"


ኅዳር 29
እንዴት ልንገራት? እኔ ለፋፊዋ አፌ ተሳሰረ። ባለቤቴን "ከኋላዋ ሆነህ ጥራት" አልኩት። ጠራት። ዞር አለች። ተመስገን!
"ጮክ ብዬ እኮ ነው የጠራኋት" አለኝ በኋላ። ምን ነበር ዝም ቢል?

ታኅሣሥ 1
ልጄ ቀሚሷን ልታሳጥር ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። የሙሽራዋ ጨርቅ ከተበላሸ ወዲህ ዘይት የሚባል አላየም። ፔዳሉን ረገጠች። ባለቤቴ ፊቱን አኮሳትሮ ጆሮውን ያዘ።
"እማዬ፣ ዘይት አጠጣሽው እንዴ? ደስ ሲል! ድምፁ ጥፍት ብሏል።"
ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።
 አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ይዤ ማሽኑ ላይ አሳረፍኩት። ፈገግ እንዳለች ነበር… መንቀጥቀጡ መዳፏ ላይ እስኪደርስ።