ዥንጉርጉሯ ቦሎቄ

ቴነሲ፣ መስከረም 1824

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ኢኖክ፣

ከነልጆችህ እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

ቅዳሜ ሚሊሻው ለልምምድ ተሰብስቦ ነበር። ሻምበል ፕሩዊት «በኅዳር ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ከወዲሁ እንወቅ» ብሎ ድምፅ መሰብሰቢያ እንዲሆን ባርኔጣውን በየሰዉ ፊት አዞረ። የእኛን የቴነሲውን ጄኔራል የሚፈልግ ከያዘው ስንቅ አንድ ፍሬ በቆሎ፣ ተፎካካሪውን የቦስተኑን ሰውዬ የሚፈልግ ቦሎቄ ይጥላል። ስልሳ አንድ በቆሎና አንዲት ዥንጉርጉር ቦሎቄ ወጡ።

«የማን ናት? ወንድ ከሆነ ይውጣ!» አለ ሻምበሉ። የሚወጣ ሲጠፋ ጫማ ሰፊውን ሌሙኤልን ጎትተው አወጡት፤ ሚስቱ ከቦስተን የመጣች ናት። «ኧረ በእናታችሁ፣ እኔ በቆሎ ነው የጣልኩት!» እያለ በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት። አንድ ዓይኑንም በአውራ ጣታቸው ጎልጉለው አወጡት። እጁን ጠምዝዘው ከያዙት አንዱ ባሌ አሳ ነበር። ሸሚዙን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ደሙ አልለቅ አለኝ። ባሌም ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

ሻምበሉ ግን አልበረደለትም። «እንዲህ ያለች ቦሎቄ እዚህ አገር አይቼ አላውቅም» እያለ ይዟት በየጓሮው ይዞራል። ዛሬ ጎረቤታችን ዘንድ ነው። እኔም የጓሮዬን አትክልት በሙሉ ነቅዬ አቃጠልኩ፤ መሬቱ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።

አምና ከኦሃዮ የላክልኝ የቦሎቄ ዘር ጥሩ አፍርቶ ነበር፣ እጅህ ይባረክ። እዚህ አካባቢ ለሌላም ሰው ልከሃል አይደል? እባክህ ጋሼ፣ ስሙን ቶሎ ጻፍልኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ ታቢታ