ከጥራጊ ጋር የወጣው ከፈን

ሐሙስ

እጄ እስካሁን አቧራ አቧራ ይሸታል። ዛሬ ከጂዳ መካ ሄደን ሩሰይፋ ሰፈር ያለውን የሀጃን ቤት ባዶ ስናደርግ ዋልን። ሀጃ የአሠሪዬ የማዳም እናት ናቸው። ጉልበታቸው ስለደከመ ከእኛ ጋር ጂዳ መኖር ጀምረዋል፤ ቤታቸው ሊከራይ ነው።

ለማዳም ሁሉም ነገር ዚባላ፣ የሚጣል ቆሻሻ ነው። የተሰነጠቀ ሰሃን ዚባላ፣ የዛገ ማራገቢያ ዚባላ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር ዚባላ። እኛ ወሎ ለዚህ ስንት ስም አለን! ያረጀ ልብስ ቡትቶ ነው፣ ሕፃን ይታዘልበታል። የተሰባበረ ዕቃ ቅራቅንቦ ነው፣ ቆጥ ላይ ይወጣል። ፍርፋሪው ለዶሮ፣ ገለባው ለከብት። ከቤት ጥራጊ በቀር የምንጥለው ብዙም የለንም።

ከቁም ሳጥኑ ሥር በአሮጌ ፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ። ንጹሕ ነው። “ማዳም፣ ይሄስ?” አልኳት። ስልክ እያወራች ነበር፣ ዞር ብላም አላየችው። “ዚባላ፣ ዚባላ! ያላ፣ ቶሎ በይ!” አለች።

ከሌላው ጋር በር ላይ አወጣሁት።

ዓርብ

ሀጃ ጠዋት ጠሩኝ። “ሰዓዳ፣ ከፈኔን የት አስቀመጣችሁት?”

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ነጩ ጨርቅ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ገዝተው፣ በገዛ እጃቸው በተቀደሰው የዘምዘም ውሃ አጥበው፣ ለቀናቸው፣ ሲሞቱ እንዲገነዙበት ያስቀመጡት ነው።

ማዳም ቶሎ ብላ “ዕቃው ገና አልተፈታም፣ ይገኛል” አለቻቸው። ወጥ ቤት ስንገባ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

“ማን ጣይው አለሽ?”

“አንቺ።”

ሀጃ ምሳ አልበሉም።

ቅዳሜ

ማዳም ከሸረፊያ ገበያ አዲስ ነጭ ጨርቅ ገዝታ መጣች። እጠቢው፣ አሮጌ ፌስታል ውስጥ ክተቺው፣ ተገኘ ብለሽ ስጫቸው አለችኝ። “እናቴ እውነቱን ከሰማች ግን አንቺ አገርሽ ትገቢያለሽ፣ ኸላስ፣ አበቃ።”

ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው። ቤተሰቦቼ እኔን ነው የሚያዩት።

ጨርቁን አጠብኩት። ሳሰጣው ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። አንድ ሰው ነገ ተጠቅልሎ አላህ ፊት በሚቀርብበት ነገር እንዴት ይዋሻል? ሾፌራችን ዑስማን ነገ የቤቱን ቁልፍ ለተከራዩ ሊያደርስ መካ ይሄዳል። ማዳምን ለመንኳት። “መጀመሪያ ሄጄ ልፈልገው፤ ካጣሁት እንዳልሽው ይሁን።” ፈቀደች። እሷም እንደኔ ፈርታለች መሰለኝ።

እሁድ

የሩሰይፋው ዘበኛ “ዕቃውን የኹርዳ ነጋዴው ሐበሻ ጭኖ ወሰደው” አለን። ኹርዳ እዚህ ሰው የጣለው ብረት፣ መዳብ፣ ያረጀ ዕቃ ነው፤ ተመዝኖ ይሸጣል። ሱቁ ሩቅ አልነበረም።

ሀጂ ሰይድ ይባላሉ። አያታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው መካ የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ነጩ ጨርቅ ብጠይቃቸው፣ አማርኛቸው እየተሰባበረ “ወላሂ አወቅኩት ልጄ፤ ከፈን አይሸጥም። ለባለቤቴ ሰጠኋት” አሉ።

ደስ አለኝ። ባለቤታቸው ዘሀራ የሞቱ ሴቶችን የሚያጥቡ ናቸው። ከጓዳ ወጥተው እጄን ያዙኝና አስቀመጡኝ።

“ዓርብ ለት አንዲት ያገራችን ልጅ ሞተች” አሉ። “ሰው ቤት ስትሠራ ታማ ወጣች፣ ወረቀት የላት፣ ዘመድ የላት። ጓደኞቿ መጥተው ጠሩኝ። አጥቤ በዚያው ጨርቅ ከፈንኳት። ባለቤት ያለው መሆኑን ባውቅ…”

ስሟን ጠየቅኳቸው። ዘይነባ። ከከሚሴ።

በመንገድ ሁሉ የማስበው እሷን ነበር። እኔም ብሞት አጣቢ ማን ይጠራልኛል?

ሰኞ

ማዳም ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ አዲሱን ጨርቅ በፌስታል ሰጠችኝ። “ግቢ። ተገኘ በያቸው።”

ገባሁ። ሀጃ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ነበር። ፌስታሉን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ያን ጊዜ መዋሸት አቃተኝ። “ሀጃ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም” አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። በጎደለ ዓረብኛዬ፣ እያለቀስኩ። ማን ጣይው እንዳለኝ ብቻ አልተናገርኩም፤ ከጥራጊ ጋር ወጣ አልኩ።

ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣

“ረጅም ናት?” አሉ።

“ማን?”

“ልጅቷ። እግሯን ሸፈነላት?”

ዘሀራን ይህን አልጠየቅኳቸውም። “ዘሀራ አዋቂ ናቸው፣ ሳይሸፍኑ አይተዉአትም” አልኳቸው።

“ስሟን ድገሚልኝ።”

“ዘይነባ።”

እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉላት። እንደ ልጃቸው በስሟ እየጠሩ። ሲጨርሱ አዲሱን ጨርቅ ዳበሱት። “ዘምዘም አስመጪልኝ። እኔ ጉልበት የለኝም፣ አንቺ ታጥቢልኛለሽ።”

ዞር ስል ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። “እኔ ነኝ ያስጣልኩት፣ እማ” አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

እራት ላይ ሀጃ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ከዚህ በፊት ከእነሱ ጋር በልቼ አላውቅም። ነገ ማዳም ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ብቻ ዳቦው ርቆኝ ነበርና፣ ፊቴን ሳታይ ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝ።