ከወፎቹ በስተቀኝ

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ከአምስት ቀን ሆነ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር ያለህበትን አላውቀውም። እኛ ደኅና ነን ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ ለአንተ ዋሽቼ አላውቅም። ስለዚህ ደክሞኛል ብዬ ልጀምር። የሚያስጮህና የሚያስለቅስ ድካም አይደለም፤ እሱስ አልፏል። ይኼኛው ጠዋት አንዱን ጫማ አጥልቄ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጠኝ ዓይነት ነው።

አውሮፕላኑ እንደ ድሮው በጣሪያችን ላይ ያልፋል። ትዝ ይልሃል፣ ሲያልፍ ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቀውና ልክ ከቆምንበት ቃል እንቀጥል ነበር። አሁን እኔና ሂሩት ምሳ ስንበላ ሲያልፍ የሚያቋርጠው ወሬ የለም። ልጅህ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገባች። እኔም ያው ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ሰባ ልጅ ሰጥተውኛል። ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ከስብሰባው ስወጣ የስኳር ወረፋ አለ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ልጆቹን ይዘን አደባባይ ስንቆም ውለን እግሬ እንደ ዱባ አብጦ ተመለስኩ። እሑድ እሑድ ይዘኸን የምትሄድበት ከገርጂ ማዶ ያለው ሜዳ ግማሹ አሁን ካስማ ተተክሎበታል። የቤት ሠሪ ማኅበራት ተመርተውት ነው አሉ። ሌላው ግማሽ ጤፍ ነው። እዚያ የምናያቸው ወፎች አሁንም ይመጣሉ፣ እኔ ግን አንተ ከተለየኸኝ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ነው የሄድኩት።

አሁን የምጽፍልህ ስለ ፎቶህ ነው። ሙት ዓመትህ እየደረሰ ስለሆነ ሐውልት እያሠራሁልህ ነው። ድንጋይ ጠራቢው አቶ በላቸው ይባላሉ፤ ቁጡ ግን እጃቸው ንጹሕ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ስምህን ጽፈውልሃል። ከስምህ በላይ እንቁላል የመሰለ ጉድጓድ ፈልፍለው መስታወት ሊገጥሙበት ተዘጋጅተዋል። የቀራቸው ፎቶህ ነው። ፊቱ ጎልቶ የሚታይ ጉርድ ፎቶ አምጪ አሉኝ። ይኼን ሲሉኝ እንዴት እንዳፈርኩ። የፎቶ አንሺ ሚስት ነኝ፣ የባሌ አንድ ጉርድ ፎቶ የለኝም።

ጥፋቱ የአንተ ነው፣ ይኼን በግልጽ ልንገርህ። በሠርጋችን ቀን እንኳ ሚዜዎችህን ደርድረህ ስታበቃ ራስህ ከካሜራው ኋላ የቆምክ ሰው ነህ። አንዷን ፎቶ እንኳ ሚዜዬ ያንሳን ብለህ ካሜራውን ብትሰጠው አናትህን ቆረጠው። የቀረኸኝ በቀበሌ መታወቂያህ ላይ ያለኸው ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያህም ላይ ያው ፎቶ ነው የተለጠፈው፤ በሁለቱም ላይ ማኅተም አርፎብሃል። ከጫሞ ይዘኸው የመጣኸው ወባ በዘጠኝ ቀን ሲወስድህ ወንድምህ መታወቂያውን ይዞ ሮጠ፣ አስጎልብቶ በፍሬም አመጣው። ለቀስተኛው እሱን ከፍ አድርጎ ይዞ አለቀሰልህ። ማኅተሙም አብሮ ጎልቷል። ከግራ ጆሮህ ተነሥቶ በጉንጭህ ላይ ዞሮ ከንፈርህ ጥግ ይደርሳል። ያን ቀን ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም አላልኩትም።

ልብ ያለችው ሂሩት ናት። በሐምሌ፣ ዝናቡ ቤት ባዋለን አንድ ቀን፣ አባባን ሳስበው ማኅተሙ አብሮ ይመጣል አለችኝ። ያለ ማኅተም ላስበው እሞክርና ፊቱ ይጠፋብኛል አለች። አላለቀሰችም፤ የቤት ሥራ እንደከበዳት አድርጋ ነው የነገረችኝ። እኔ ነኝ ዕቃ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ለድንጋዩ ብቻ መስሎህ ከሆነ አይደለም። ልጅህ ንጹሕ ፊትህን እንድታገኝ ነው።

የኦሎምፒያውን ፎቶ ቤት መጀመሪያ ሄጄ ለመንኩት። ባለቤቱ ያውቅሃል፣ አብራችሁ የፊልም እጥረት ያማረራችሁ ሰው ነው። ማኅተሙን በቀጭን ብሩሽ ልሸፍነው ብሎ ሁለት ሳምንት ደከመበት። ሸፈነውም። ግን ሲሸፍነው አንተም አብረህ ተሸፈንክ። ጉንጭህ ለስልሶ፣ ያቺ ከንፈርህ ጥግ ያለች መጨማደድ ጠፍታ፣ የሆነ የባንክ ሠራተኛ የሚመስል ሰውዬ ወጣ። አመስግኜ ተቀበልኩትና መሳቢያ ውስጥ ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ዕቃ ቤትህን መፈተሽ ያዝኩ። ከመሥሪያ ቤትህ ሁለት ሰዎች ባርባህ ሰሞን መጥተው የእነሱን ፊልም በሥርዓት ለይተው ወስደዋል፤ በራስህ ፊልም ያነሳኸውን ትተውልኛል። ፊልም የምናጥብበት ሳህን፣ ቀዩ አምፖል፣ ፎቶ የምናሰጣበት ሲባጎ እንኳ ከነመቆንጠጫው አለ። የመድኃኒቱ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል መሰለኝ፣ በሩን ስከፍተው አንተ የወጣህ ያህል ሸተተኝ። ሂሩት ክፍሉን ማጥኛ አድርጊልኝ እያለችኝ ነው። ቆይ እላታለሁ።

ፎቶዎችህን የያዙትን ፖስታዎች አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የጎንደር ግንብ፣ የጣና ታንኳ፣ የአዋሽ ሳላ፣ የስሜን ዋልያ። ሁሉም ከሩቅ። ጓደኞችህ ወደ እንስሳው ሲሳቡ አንተ ወደ ኋላ ትሄዳለህ፤ ሰማዩም ይግባ፣ ውሃውም ይግባ፣ ያ ዛፍም አይቅር እያልክ። ዋልያ ብቻውን ፍየል ነው፣ ገደሉ ሲኖር ነው ዋልያ የሚሆነው ትለኝ ነበር። እኔንም እንደዚያው ነበር የምታነሳኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬህ ስወጣ፣ ግንቡ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እንዲታወቅ እዚያ ጋ ቁሚልኝ ትለኛለህ። እቆማለሁ። ፎቶው ሲታጠብ ነጠላ የለበሰች ነጥብ ትወጣለች። ስንት ጊዜ ተነጫነጭኩብህ፤ ለግንብህ መለኪያ ነው ያገባኸኝ አልኩህ። አንተ ትስቃለህ እንጂ አትመልስም።

መልሱን ፖስታዎቹ ላይ አገኘሁት። ለመሥሪያ ቤትህ ዝርዝር ስትሠራ "ሰው፣ ለመጠን" ብለህ እንደምትጽፍ አውቃለሁ፤ እኔው ነበርኩ በንጹሕ የምገለብጥልህ። በራስህ ፖስታዎች ላይ ግን በእርሳስ፣ በዚያ በተጣበበ ጽሕፈትህ፣ "የፋሲል ግንብ፣ ከምሥራቅ። አስካለ በስተግራ" ብለሃል። "ጣና። ታንኳ ሁለት። አስካለ ከዋርካው ሥር፣ በርዷታል።" በሁሉም ላይ የት እንደቆምኩ አለ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩ። ምነው አንዱን ቀን እንኳ ብትነግረኝ ኖሮ።

ከታች የአቢጃታውን አገኘሁ። ግርማዬ፣ ስለዚህ ፎቶ ሳልነግርህ የቀረሁት ነገር አለ። ያን ጊዜ ሂሩትን ሦስት ወር አርግዤ ነበር። እናቴ ጎን ለጎን ሆናችሁ ፊታችሁ የሚታይ ፎቶ ላኩልኝ ካለችን ዓመት ሞልቷት፣ አንተ ዛሬ ነገ ስትል፣ ላንጋኖ ባደርንበት ጠዋት ተጣላን። አቢጃታ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ውሃው ዳር ቆመህ እነዚያን ሮዝ ወፎች ስታነሳ ቆየህና ካሜራውን አምጥተህ አንገቴ ላይ አጠለቅክልኝ። አንድ ቀርታለች፣ እስቲ አንቺ አንሺኝ፣ ሦስት እርምጃ ራቂና ፊቴን አንሺ፣ ለእናትሽ ትልኪላታለሽ አልከኝ። እርቅ ነበር፣ ገብቶኛል። እኔ ግን ወደ ኋላ ሄድኩ። ሦስት፣ ዐሥር፣ ሠላሳ እርምጃ። በቃ፣ በቃ እያልክ ስትጮህ እየሰማሁ ሄድኩ። ሐይቁም ገባ፣ ተራራውም ገባ፣ ወፎቹ ሁሉ ገቡ፣ አንተ ጥፍር አከልክ። ያን ጊዜ ተጫንኩት። አንዴ እንኳ አንተ ነጥብ ሁን ብዬ ነው። በእልክ ነው ያነሳሁህ።

ሲታጠብ አልተቆጣህም። ሲባጎው ላይ ሰቅለህ ረጅም ጊዜ አየኸውና ጥሩ አድርገሽዋል አልከኝ። አፈርኩ፣ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩህም። ነገ ፎቶ ይነሣል፣ ሰውየው እዚሁ ነው ብዬ። ያቺን አንዲት ፊልም በሦስት እርምጃ ተጭኛት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልጅህ ማኅተም የሌለበት አባት ይኖራት ነበር። ይኼ ሐሳብ ነው ያደከመኝ፣ ሰልፉም ወረፋውም አይደለም። ይቅር በለኝ።

ፊልሙን ኦሎምፒያ ወሰድኩት። ፊትህን ብቻ ነጥሎ እንዲያጎላልኝ ነበር። ሰውየው ሞከረ። ፊትህ በነበረበት ቦታ አመድ የተበተነ መስሎ ወጣ፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ከዚህ በላይ ፊልሙ ውስጥ የለም እትዬ አስካለ አለኝ። አዝኖልኝ ይመስለኛል ሙሉውን ፎቶ፣ ሐይቁን ከነወፎቹ፣ በትልቁ አትሞ ጨመረልኝ። በአውቶቡስ ቆሜ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ተጋደምኩ።

ሂሩት ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን ስትጥል ሰማሁ። ከዚያ ሳቀች። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በዚህ ቤት እንዲህ የተሳቀ አላስታውስም። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ፣ አባባ ነው አለችኝ፤ እዪው፣ የካሜራ ቦርሳው አንዱን ትከሻውን አውርዶታል፣ እጁን ደግሞ ወገቡ ላይ አድርጎ ሊቆጣ ነው። ማንም አልነገራትም። ያ ፎቶ በፖስታ ስለነበረ አይታውም አታውቅም። ፊት የለው፣ ግን አወቀችህ። ሲቆጣ እኮ እንደዚህ ነው የሚቆመው፣ ከዚያ ግን አይቆጣም አለች። ስለ አንተ ስታወራኝ አመሸች፤ ስለ ማኅተሙ አንድም ጊዜ አላነሳችም።

በማግስቱ ፎቶውን ለአቶ በላቸው ወሰድኩት። መነጽራቸውን አደረጉና፣ አሁን ይኼ ሐይቅ አይደለም እንዴ፣ ሟቹ የታሉ አሉኝ። ይፈልጓቸው አልኩ። ተናደዱ፤ ሰው መቃብር ላይ ወፍ የሚሰቅል አይቼ አላውቅም፣ አላፊ አግዳሚው ምን ይለኛል አሉ። ግን ጎንበስ አሉ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ወደ ብርሃኑ ዞሩ፣ ከግራ ጀምረው ወፎቹን አለፉ። አሃ፣ እኚህ ናቸው አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በኋላም ፎቶውን አላወረዱትም፤ ቆመው አዩህ። በለቅሶህ ቀን ያን የጎላ መታወቂያ ያን ያህል ያየው ሰው አልነበረም። እንቁላሉ ጉድጓድ አይበቃውም፣ ወደ ጎን ላስፋው እንግዲህ ብለው መሮአቸውን አነሡ። እኔም ተውኳቸውና ወደ ሁለተኛው ፈረቃ ክፍሌ ሮጥኩ።

ወንድምህ ገና አልሰማም። ሲያይ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ፤ ያኩርፍ። በሙት ዓመትህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይፈልግህ። አንተን ለማየት ሰማዩንም ውሃውንም አብሮ ማየት አለበት፤ አንተም እንደዚያ ነበር የምትፈልገው። ማኅተም ያረፈበትን የጎላ መታወቂያ ከግድግዳው አውርጄ ከምስክር ወረቀቶችህ ጋር አኖርኩት። ዕቃ ቤቱን ለሂሩት እሰጣታለሁ። ሲባጎውን ብቻ አልፈታውም።

ድካሙ አልለቀቀኝም፣ ይለቀኛልም ብዬ አልዋሽህም። ነገ ሰባ ልጅ ይጠብቀኛል። ግን መቃብርህ ዘንድ ስመጣ እኔ ጎንበስ አልልም፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄጄ ከሩቅ ነው የምቆመው። ከዚያ ሆኜ ፊትህ አይታየኝም፣ ዓይኔም እየደከመ ነው። ቢሆንም አላጣህም። ፎቶው መስታወቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በጀርባው፣ በእርሳስ፣ እንደ አንተ አጣብቤ ጽፌበታለሁ፦ "አቢጃታ። ግርማ ከወፎቹ በስተቀኝ። ያነሳችው አስካለ፣ ትንሽ ርቃ።"

ሚስትህ
አስካለ