ያልበራው መስመር

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ዓይንህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዴት ሆነልህ? ይህን ራስህ እያነበብከው ነው ወይስ ልጆቹ እያነበቡልህ? እያነበቡልህ ከሆነ እዚህ ላይ አስቁማቸውና ብቻህን አንብበው። ባለቤትህስ እንዴት ናት? እንቅልፍ እምቢ ያላት ነገር ተሻላት? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ የወገቤንም ምክንያት ከዚህ በታች ታገኘዋለህ።

ልጅህ በሕይወት አለ። ይህን ያዝና ሌላውን ተቀምጠህ አንብብ።

እዚህ የድንጋይ መፍጫው ጋ "ቡጢ" የሚል ስም ያወጡለት በከንቱ አይደለም። የጎረቤትህን አፍንጫ ስለሰበረ ከቤት ያስወጣኸው አንተው ነህ፤ ከዚያ ወዲህ በደብዳቤህ ስለ እሱ አንድም ቀን ጠይቀህ አታውቅም። ባለፈው ወርም ድንጋዩን የሚያጓጉዘውን ቀበቶ ከሚጠግነው ሠራተኛ ጋር በሥራ ፈረቃ ተጣልቶ ጥርሱን አወለቀው። ያ አልበቃ ብሎት በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ "አንድ ቀን እዚያ መፍጫ ውስጥ እፈጭሃለሁ" አለው።

ቀበቶ ጠጋኙ በመፍጫው ተፈጭቶ ሞተ። ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሆኖ ማሽኑን ያስነሳው ልጅህ ነው።

ሰውየው የተቀረቀረ ድንጋይ ሊያወጣ ገብቶ ነበር። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ድንጋይ እንደዚያ አይጮህም። ቀበቶው በማዶ በኩል ያወጣውን አልጽፍልህም። የሟቹ ሁለት ወንድሞች እዚያው የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። የመቆጣጠሪያውን ክፍል መስታወት ሰብረው ገብተው ልጅህን በጸጉሩ ጎትተው አወጡት። በአካፋ እጀታ መንጋጋውን ሰበሩት፤ ሲወድቅም ጎኑን በጫማ ረገጡት። ያ እጀ ፈጣን ልጅህ አንድ እጁን እንኳ አላነሳም። ፖሊስ ከእግራቸው ሥር አወጣውና ክሊኒክ ወስዶ ከአልጋው ጋር በካቴና አሰረው። ዛቻውን ያልሰማ አልነበረምና ሁሉም አስቦበት ነው የገደለው ብሎ መሰከረ።

ልጠይቀው ስሄድ ጥፋተኛ ነህ ወይ አላልኩትም። ስክሪኑ ምን አሳየህ ነው ያልኩት። መንጋጋው እንደታሰረ በጥርሱ መሃል፣ "አክስቴ፣ መስመሩ አልበራም" አለኝ።

የእኔን ሥራ መስኮት ማየት ነው እያልክ ስለምትቀልድበት ላስረዳህ። ጡረታ ብወጣም ማሽኖቹን የሚከታተለውን አሮጌ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያውቀው ስለጠፋ አሁንም እየሄድኩ እመለከተዋለሁ። በመቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ የማሽኖቹ በሮች ሁሉ ተዘርዝረዋል። ሰው ወደ ውስጥ ሲገባ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዞራል፤ ያን ጊዜ የዚያ በር መስመር ቦግ ብሎ ይበራል፤ በርቶ ካየው ልጅህ ማሽኑን አያስነሳም። ፕሮግራሙ ግን ስክሪኑን አያየውም። እያንዳንዱ የስክሪን ዓይነት ምን ማድረግ እንደሚችልና በምን ምልክት እንደሚታዘዝ የሚናገር መግለጫ አለው፤ ፕሮግራሙ እሱን አምኖ ያዛል። መግለጫው ስለ ማብራት ዝም ካለ ፕሮግራሙም ዝም ይላል። አዳዲስ ስክሪኖች ደግሞ የገቡት በዚያው ሳምንት ነበር።

ስለዚህ የአሮጌውን ስክሪን መግለጫና አሁን የሚሠራበትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ብቻ እንዲያወጣልኝ ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። ማብራት በአሮጌው አለ፤ አሁን በሚሠራበት የለም።

አትሜ ስነሳ ስክሪኖቹን ያስገባው ቴክኒሻን፣ ቀጭኑ የምንለው፣ በሩ ላይ ቆሟል። "እትዬ፣ ይተዉት፤ ልጆች አሉኝ" አለኝ። የታሰረውም የሰው ልጅ ነው አልኩት። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረ። የአሮጌውንና የአዲሱን ስክሪን መግለጫ አወዳድሮ ነበር፤ የጎደለም አልነበረም። ግን ፕሮግራማችን አዲሱን አጻጻፍ ስለማያነብ መግለጫውን ወደ አሮጌው አጻጻፍ መለወጥ ነበረበት። አሮጌው አጻጻፍ ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ የተረፈውን ማንም ሳይሰማ ከጅራቱ ይቆርጠዋል። የማብራቱ ምልክት የነበረው ጅራቱ ላይ ነው። ከለወጠ በኋላ ዳግመኛ አላወዳደረም። ይህን ብሎ ሲያበቃ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝና ገፈተረኝ። ወገቤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመ። እኔም በከዘራዬ የእጁን አንጓ አልኩት፤ አጥንቱ ቋ ሲል ሰማሁ። እኔንና አንተን ያሳደጉን በዚህ መንገድ ነው፤ አልተጸጸትኩም።

በማግስቱ መርማሪውን ፖሊስና በዋስ የወጣውን የሟቹን ታላቅ ወንድም አስጠራሁ፤ ቀጭኑም ተጠርቶ ያደረገውን በፊታቸው ተናገረ። ልጅህንም መንጋጋው በፋሻ እንደታሰረ አመጡት። ማሽኑን ከኃይል አስቋርጬ በተቆረጠው መግለጫ በሩ ላይ ቁልፍ አስዞርኩ፤ ስክሪኑ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ቀጥሎ ሌላውን ትርፍራፊ ቀንሼ ማብራቱ እንዲገባ አድርጌ የለወጥኩትን ጫንኩና ቁልፉን ዳግመኛ አስዞርኩ። መስመሩ ቦግ አለ። የሟቹ ወንድም፣ ሾፌሩ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"ለዚህች? ወንድሜ ለዚህች ብልጭታ ነው የሞተው?" አለ።

ከዚያ ፖሊሱን ገፍትሮ ጥሎ፣ ከወገቡ የጎማ መፍቻ ብረት መዝዞ ቀጭኑ ላይ ወረደበት። የመጀመሪያው ምት ጆሮውን ሰነጠቀው። ልጅህን አስፈታለሁ ብዬ ሌላ ሰው ላስገድል ነው ብዬ ጮህኩ። ለሁለተኛው ምት ልጅህ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ቀጭኑ ላይ በደረቱ ተኛበት፤ ብረቱ ጀርባው ላይ አረፈ፤ ደግሞ ክንዱ ላይ፤ ክንዱ ተሰበረ። አልተነሳም፤ አልተማታም። ሾፌሩ የሚመታው ማንን እንደሆነ ሲገባው ብረቱን እንደያዘ ቆመ። ልጅህ ከሥሩ ሆኖ፣ "አንድ ሞት ይበቃል" አለው። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የግድያው ክስ ተነስቷል። ቀጭኑ በአንድ ጆሮው አይሰማም፤ ጉዳዩም እየተጣራ ነው። ሾፌሩ ታስሯል። ልጅህ እስኪያገግም እኔ ጋ ነው። ሾርባ በቱቦ እሰጠዋለሁ፤ ጨው አነሰው ብሎ ያጉረመርማል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገራት፤ ወሬውንም እኔ በጀመርኩበት ቅደም ተከተል ንገራት። ለትልቋ ልጅህ፣ ለታናሿም፣ ለአማትህም እያንዳንዳቸውን በየስማቸው ጠርተህ ሰላም በልልኝ። ልጅህም ለእናቱና ለእህቶቹ ሰላም ብሏል። ለአባትህስ ምን ልጻፍለት ስለው የሾርባውን ቱቦ ከአፉ አወጣ። በኋላ፣ "ጠዋት ጠዋት ያስለዋል፤ ሐኪም አየው ወይ በይልኝ" አለኝ።

ሳል እንዳለብህ ለእኔ አልነገርከኝም። እሱ ከማን እንደሰማም አልጠየቅኩትም። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ጻፍለት።

እህትህ
ከመፍጫው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር 6 ቀን